ለልጆቻችን የትኛውን መጽሐፍ እንዋስ? ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን ለልጆች መጽሐፍ ማዋስ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ትምህርት ሊዘጋ ስለሆነ ለክረምቱ የሚሆን ጠይቁኝ። አደራ ግን፣ የልጁን ዕድሜ ብቻ አትንገሩኝ። ምን ያህል እንደሚያነብና ምን እንደሚወድ ጨምሩበት።

እናት፣ ደብረ ሲና፦ እትዬ፣ ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ትወርደዋለች። መጽሐፍ ስሰጣት ግን ከአንድ ገጽ አታልፍም።

መልስ፦ እህቴ፣ ፊደል መቁጠርና ማንበብ ይለያያል። ዛሬ ማታ «ሞ»ን ብቻዋን ጽፈሽ አሳያት። ከ«መ» ተነሥታ «መ ሙ ሚ…» እያለች ከደረሰችበት ገና ዜማውን ነው የያዘችው። 33ቱ ፊደል በ7 ቤት 231 ነው፤ እያንዳንዱን ከተራው አውጥታ እስክታውቀው ድረስ አንድ ገጽ ለእሷ ዳገት ነው።

ሌላም አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ገና መጣ» የሚለውን ስታነብ በዓሉ ነው የመጣው ወይስ ሰውየው አሁን መድረሱ ነው? «አባቷ አለ» ሲባልስ፣ ተናገረ ነው ወይስ ቤት ውስጥ አለ? እኛ ከዐረፍተ ነገሩ ቀድመን ስለምንገምት ችግሩ አይታየንም። ልጅ ግን ቃሉን በጆሮዋ ካልሰማችው በዓይኗ አትለየውም። ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው እያልኩ የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሁለት መጽሐፍ ውሰጂ። አንዱ እሷ የምታነበው ነው፤ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ በገጽ ከሁለትና ሦስት መስመር ያልበለጠ፣ አንድ ሐረግ እየተመላለሰ የሚመጣበት ይሁን። ሁለተኛው ከእሷ አቅም በላይ የሆነ ረዘም ያለ ታሪክ ነው፤ እሱን አንቺ አንብቢላት። የመጀመሪያውን ስትመርጪ መሐል ገጽ ላይ ክፈቺና የማታውቀው ቃል በመጣ ቁጥር ጣት ታጥፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣት ከታጠፈ መልሺው።

አያት፣ አንኮበር፦ እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረን፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብበን፣ ዳዊት ደግመን ነው ያደግነው። ሥዕል ያለው መጽሐፍ ማን አየ? ልጁን የሚያሰንፈው ሥዕሉ ነው።

እናት፣ ደብረ ሲና፦ አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኔ ወንድም ዳዊቱን ቢደግምም ጋዜጣ ማንበብ ያቃተው ነው።

አባት፣ ሸኖ፦ ጋዜጣውስ ይቅር። አሁን ልጆቹ የሚፈለግባቸው እንግሊዝኛ ነው። መደርደሪያውም በእንግሊዝኛ የተሞላ ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ዓይንንና ድምፅን ያሠለጥናል፤ እኔም በዚያው አልፌያለሁ። ዳዊቱ ግን ግዕዝ ነው፣ ልጁ ትርጉሙን ሳያውቅ ነው የሚያነበንበው። ሥዕሉ ትርጉም እንዲፈልግ ያስለምደዋል። እርስዎ ደግሞ ከመጽሐፍ የበለጠ ነገር አለዎት። ማታ «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» ሲሉልዎት ያን የጅብና የጦጣ ተረት ይንገሯቸው። ተረት ሰምቶ ያደገ ልጅ መጽሐፍ ሲከፍት ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

የሸኖው ወንድሜ፣ መደርደሪያው በእንግሊዝኛ የሞላው በእርዳታ የመጣው እሱ ስለሆነ ነው፤ ለልጅህ ስለሚቀድም አይደለም። አፉን በፈታበት ቋንቋ ማንበብ የለመደ ልጅ ሌላውንም ይደርስበታል።

እናት፣ ሸዋ ሮቢት፦ ለ2 ዓመት ልጅስ?

መልስ፦ ወፍራም ካርቶን፣ በገጽ አንድ ሥዕል። ይነክሰዋል፣ ይንከሰው። እየጠቆምሽ ስሙን ጥሪለት።

አባት፣ ዓለም ከተማ፦ ጥሩ የልጆች መጽሐፍ ቢነግሩን።

መልስ፦ ለስንት ዓመት ልጅ? ማንበብ ጀምሯል? ምን ይወዳል? ገና ስጀምር ያልኩትን ተመልከት።

እናት፣ መሐል ሜዳ፦ ወንዱ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ በደንብ ያነባል። ተረት ስሰጠው ግን ይሰለቻል። በጉን ትቶ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያይ ነው የሚውለው።

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ማንበብ ማለት ተረት ብቻ ነው ያለው ማነው? ይህ ልጅ እውነት ነው የሚፈልገው። ስለ እንስሳት፣ ስለ አፈር፣ ስለ ከዋክብት የተጻፈ፣ ፎቶና ካርታ ያለው ስጪው። የጓሳ ሣር ምድር ደጃችሁ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም በዱር እንደማይገኝ፣ ዋና ምግቡም ሣር መሆኑን፣ እዚያው ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ እያደነ እንደሚኖር ሲያነብ ያየውን ከመጽሐፉ ጋር ያስተያያል። የመንዝ ሰው ያንን ሣር በራሱ ሥርዓት ለዘመናት እየከለለ እንዳቆየውም ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ። ደብተር ስጪውና ያየውን ይጻፍ። እንዲህ ያለውን ልጅ በግድ ተረት አታስነብቢው፣ ከመጽሐፍ ጋር ታጣይዋለሽ።

አባት፣ ደብረ ብርሃን፦ ልጄ 10 ዓመቷ ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ልስጣት?

መልስ፦ ቆይ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ለአዋቂ ነው የታሰበው። ቃሉን ትወጣው ይሆናል፤ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ሐዘን ግን ቢያንስ እስከ 15 ዓመቷ ይጠብቃት። አሁን በምዕራፍ የተከፈለ፣ እኩያዋ የሆነች ልጅ ያለችበት ታሪክ ስጣት።

እናት፣ ሸኖ፦ ለ7 ዓመት ልጅ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ለደብረ ሲናዋ እናት መልሻለሁ። እዚያው አንብቢው፣ ጣት ማጠፉንም አትርሺ።

እናት፣ ደብረ ብርሃን፦ እትዬ፣ የተዋስነውን ትንሹ ልጄ ቀደደው። አፍሬ ሦስት ሳምንት ቀረሁ።

መልስ፦ ስለ መጽሐፍ አይቀርም፣ እህቴ። በፕላስተር አትለጥፊው፣ ሙጫው እየቆየ ቢጫ ይሆንና ወረቀቱን ያበላሸዋል። የተቀደደውን ገጽ መሐሉ ከተሽ ይዘሽው ነይ፣ እኔ እጠግነዋለሁ። ልጁንም አምጪው፤ የሚቀጥለውን እሱ ይምረጥ።