ወደ አንታርክቲካ ለመሄድ፦ ባሕሩን ማቋረጥ ወይስ በላዩ መብረር?

ጠያቂያችን ወደ አንታርክቲካ ልሳነ ምድር ለመጓዝ አስበው፣ በደቡብ አሜሪካና በአንታርክቲካ መካከል ያለውን የድሬክን መተላለፊያ ከአርጀንቲናዋ ኡሽዋያ ተነሥቶ በመርከብ መሻገር ይሻል እንደሆነ ወይም ከቺሌዋ ፑንታ አሬናስ በአውሮፕላን በርሮ መርከቡን አንታርክቲካ ደርሶ መሳፈር እንደሚሻል፣ ማዕበል እንደሚያስፈራቸውም ሳይደብቁ ጠይቀዋል። እኔ ደርሶ መልሱን በመርከብ ስለ ሄድሁ ያየሁትን ልንገርዎ።

የፈሩት ነገር እውነት ነው። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ከኬፕ ሆርን እስከ አንታርክቲካ አጠገብ ያሉት ሳውዝ ሼትላንድ ደሴቶች 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ኬክሮስ ነፋሱን የሚገታ የብስ ባለመኖሩ ማዕበሉ እንዳሻው ይጋልባል። መሻገሪያው ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። በመጀመሪያው ሌሊት የክፍሌ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ አንድ እግር ጫማዬም ከግድግዳ ግድግዳ ሲንሸራተት አደረ፤ ጠዋት የምግብ አዳራሹ በግማሽ ባዶ ነበር። ስሕተቴ የማቅለሽለሽ መከላከያውን ክኒን ካቅለሸለሸኝ በኋላ መዋጤ ነው። ሐኪምዎን አስቀድመው አማክረው፣ መርከቡ ከኡሽዋያ ወደ ባሕሩ በሚያወጣው፣ ገና ጸጥ ባለው የቢግል ሰርጥ ውስጥ ሳለ ይውሰዱት። ስንመለስ ደግሞ ያው ባሕር እንደ ሐይቅ ተኝቶ አገኘነው።

አውሮፕላኑ ከሳውዝ ሼትላንድ ደሴቶች አንዱ በሆነው ኪንግ ጆርጅ ደሴት ላይ ባለው የጠጠር ማኮብኮቢያ ለማረፍ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይበራል። ነገር ግን ደመናና ጭጋግ ደሴቱን ሲጋርዱት በረራው ይዘገያልና፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብለው የሚመርጡት ከሆነ ይህንንም አስቀድመው ያስቡበት።

ባሕሩን የምመርጥበት ምክንያት በሁለተኛው ቀን ያየሁት ነው። ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛ ውኃ ከሰሜኑ ለብ ያለ ውኃ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ስናልፍ፣ የባሕሩ ሙቀት በአጭር ርቀት በጥቂት ዲግሪ ወረደ፤ ከምሳ በፊት ኮሌታዬን ከፍቼ የቆምሁበት የመርከብ ወለል ላይ ስመለስ ትንፋሼ እንደ ጢስ ይወጣ ነበር። ክንፉን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርገበግብ ሲከተለን የዋለው አልባትሮስ የተባለ ትልቅ የባሕር ወፍ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። ወደ ማታ ደሴት የመሰለኝ ነገር የመጀመሪያው ተንሳፋፊ የበረዶ ተራራ ሆኖ ተገኘ። ዛፍም ቤትም በሌለበት አገር ዓይን ርቀትን መለካት ያቅተዋል፤ ሁለቱ የባሕር ቀናት የእኔን ዓይን ቀስ በቀስ አስተምረውታል ብዬ አምናለሁ።

ከመሻገሪያው ይልቅ የመርከቡ መጠን ሊያሳስብዎ ይገባል። አስጎብኚዎቹ በሚገዙበት ደንብ መሠረት በአንድ ስፍራ በአንድ ጊዜ የብስ ላይ መውረድ የሚችለው ከ100 የማይበልጥ ተጓዥ ሲሆን፣ ከ500 በላይ ተሳፋሪ የያዘ መርከብ ጨርሶ ሰው አያወርድም፤ ትልቅ መርከብ ረክሶ ቢያገኙት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ከመውረድ በፊት ልብስና ቦርሳ ይፈተሻል፣ ቦት ጫማም በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ይታጠባል። ከቦርሳዬ መዝጊያ አንዲት የሣር ዘር በወረንጦ ሲነቅሉ ይህን ያህል መጠንቀቅ ምን ይባላል ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለችው ዘር ግን እዚያ ልትበቅል ትችላለች። ከፔንግዊን ቢያንስ 5 ሜትር መራቅ ግዴታ ሲሆን፣ በወፍ ጉንፋን ምክንያት መሬት ላይ መቀመጥም ሆነ ቦርሳ ማኖር አይፈቀድም። የኩሳቸው ሽታ ገና የጎማ ጀልባው ላይ ሳሉ ይቀበልዎታል፤ ፎቶግራፎቹ ይህን አይናገሩም! አንዱ ፔንግዊን ጎረቤቱ ዞር ባለ ቁጥር ከጎጆው አንዲት ጠጠር በአፉ እየሰረቀ ወደ ራሱ ሲያጓጉዝ፣ ከኋላው ደግሞ ሦስተኛው የእርሱን ሲዘርፍ ቆሜ አይቻለሁ።

መርሐ ግብሩን እንደ ውል አይቁጠሩት። በልሳነ ምድሩ ዳር ያለው ጠባቡ የለሜር ሰርጥ በበረዶ ተዘግቶ ካፒቴኑ ሲመለስ ከተቆጡት ተሳፋሪዎች አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ጉዞው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው የዚያ አገር በጋ ሲሆን፣ ጫጩቶች ለማየት ጥር፣ ዓሣ ነባሪ ለማየት የካቲትና መጋቢት ይመረጣሉ። በድንገት ቢታመሙ በአውሮፕላን የሚያወጣዎትን ወጪ የሚሸፍን መድን ሳይገቡ አይሂዱ።

ጀርባዎ ወይም ሆድዎ ማዕበል የማይችል ከሆነ በአንድ በኩል በባሕር፣ በሌላው በኩል በአየር የሚያጓጉዙ አሉና ሲሄዱ መርከቡን፣ ሲመለሱ አውሮፕላኑን ይምረጡ። ክፍልዎንም በመርከቡ መካከልና በታችኛው ፎቅ ያድርጉት፤ መናወጡ እዚያ ይቀንሳል።