መልስ፦ ቁልቋሌ ከሥሩ ለሰለሰ፤ ውኃ ልጨምርለት?

አይጨምሩለት። የለሰለሰው ጠምቶት ሳይሆን ውኃ በዝቶበት ነው። እንደጻፉልኝ አራት ኪሎ በረንዳ ላይ፣ በዘይት ጀሪካን ተክለው፣ ያውም በሐምሌ፣ በየሁለት ቀኑ ማጠጣት ለጎመን እንጂ ለቁልቋል አይሆንም።

ተክሉ ውኃውን የሚያጠራቅመው ግንዱ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ተክሎች ቀን የሚከፍቱትን የአየር ቀዳዳ እርሱ የሚከፍተው ሌሊት፣ ሙቀቱ ሲበርድ ነው፤ ቀን ዘግቶ ይውላል። ስለዚህ የሚያባክነው ውኃ በጣም ጥቂት ነው። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ሲሰነብት ግን አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውኃ አይስብምና ላዩ ሲጨማደድ የተጠማ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን እንዲህ ያድርጉ፦

1. ከዘይት ጀሪካኑ አውጥተው የጠቆረውን በሙሉ፣ ጤነኛው ሥጋ እስኪታይ ድረስ፣ በንጹሕ ቢላዋ ይቁረጡ።
2. የተረፈውን ጥላ ውስጥ አስቀምጠው የተቆረጠው ቦታ ደርቆ እስኪደድር ይጠብቁ። አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ አይቸኩሉ።
3. የጀሪካኑን ታች በስተው፣ ግማሹ አሸዋ በሆነ አፈር ይትከሉት። ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ያኑሩት፤ ከዚያ በኋላ የሚያጠጡት አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ሲቆርጡት ነጭ ወተት ይፈሳል። ፍሬው የሚበላው እሾሃማው የበለስ ቁልቋል ይህ የለበትም፤ የእኛ ቁልቋል ግን ወተቱ ክፉ ነው። እኔ እጄን ሳልታጠብ ዓይኔን አሽቼ ሌሊቱን ሙሉ እንባዬ ሲፈስ አድሯል። ጓንት ያድርጉ፣ ልጆችንም ከበረንዳው ያስወጡ።