ግንብ ውስጥ የተረሳው ልጅ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 16 ዓመቴ ነው፤ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። አምና «ንግሥት ወለላ» የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ታሪክ በሁለት ደብተር ጻፍኩ። አባቷ ሲሞት ዙፋኑን ትወርሳለች። አጎቷ ሊነጥቃት ከቆላው ንጉሥ ጋር ይዶልታል። ጦርነት ይነሳል፣ ታሸንፋለች፣ የቆላውን ንጉሥ ልጅ ማርካ ግንብ ውስጥ ታስረዋለች። እዚያ ላይ ያልቃል። የክፍሌ ልጆች ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ተቀባበሉት። ከዚያ «ክፍል ሁለት የታለ?» እያሉ ወጥረው ያዙኝ። ክረምቱን ሙሉ ጽፌ 43ኛው ገጽ ላይ ቆምኩ። በዚህኛው ሦስት ራስ ያለው ዘንዶ ከባሕር ወጥቶ አገሯን ሊያጠፋ ነው። ወለላ ደግሞ ከእጇ ብርሃን መተኮስ ጀምራለች። ጓደኛዬ አንብባ «ደበረኝ» አለችኝ። ወንድሜ «ዘንዶ የፈረንጅ ነው፣ ተይው» ይላል። ላሳድገው ወይስ ላውጣው? ገጾቹን አብሬ ልኬያለሁ።
የወለላ ደራሲ

የወለላ ደራሲ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መጀመሪያ ከወንድምሽ ጋር እንጨርስ። ዘንዶን ለፈረንጅ ማን ሰጠው? የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ክፍል፣ የሚሥሉ ሠዓሊዎች አሉ። ለቱሪስት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ተሰቅሎ ሳታዪው አትቀሪም። ሥዕሉ የሚጀምረው ከዘንዶ ነው። አርዌ ይባላል፤ ሕዝቡ ልጃገረድና ከብት ይገብርለት ነበር። አጋቦስ የሚባል ሰው መጥቶ ይገድለዋል፣ ይነግሣል፣ ዙፋኑ በኋላ ለልጁ ለማክዳ ይደርሳል። እኔ ከሥዕሉ ሁሉ የምወደው ፍየሏን ነው። አጋቦስ ሰይፍ መዞ አልፎከረም። ፍየል መርዝ አበላ፣ ፍየሏን ለዘንዶው ሰጠ፣ ዘንዶው ዋጣት፣ አለቀ። ስለዚህ ዘንዶሽ ይኑር። ሦስት ራስ ግን በዛ፤ አንዱም ራስ በቅጡ አላሰበም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። 43ቱን ገጽ ሁለቴ አገላብጫለሁ። ብዙ ዘመን የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና እስክሪብቶ ሳልይዝ ማንበብ አልችልም፤ ይቅርታ፣ ጠርዙ ላይ ጫጭሬበታለሁ። ግንቡ ውስጥ ያሰርሽው ልጅ የት ሄደ? አንዴም አልተነሳም። ምግብ የሚያደርስለት ማነው? እናት የለውም ወይ?

ደብረ ዳሞ ወጥተሽ ታውቂያለሽ ልልሽ ነበር፤ ለካ ሴት አይወጣም። እኔ በጎረምሳነቴ ወጥቻለሁ። ወገብ ላይ ጠፍር ያስሩልሻል፣ ጫፉን ከላይ መነኩሴ ይይዘዋል፣ አንቺ ሌላውን ጠፍር ጨብጠሽ 15 ሜትር ገደማ የሆነ ገደል በእግርሽ እየቧጠጥሽ ትወጫለሽ። መሐል ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። መነኩሴው እየሳቁ ጎተቱኝ፤ እንደ ባልዲ ነው የወጣሁት። እቴጌ ሰብለ ወንጌል የተጠለሉት እዚያ አምባ ላይ ነበር። ዘመኑ የግራኝ ጦርነት ነው። ባላቸው ዓፄ ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1540 ሞተዋል። አንዱ ልጃቸው ገላውዴዎስ ነግሦ ይዋጋል። ሌላው ልጃቸው ሚናስ ተማርኮ ከቀይ ባሕር ማዶ ቱርኮች እጅ ገብቷል። 400 ያህል ፖርቱጋሎች በ1541 ከምጽዋ መጡ፣ እቴጌይቱም ከአምባው ወርደው ተቀበሏቸው። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ተገደሉ።

አንቺ ብትሆኚ እዚህ ላይ «ተፈጸመ» ብለሽ ደብተሩን ትዘጊ ነበር። ታሪኩ ግን ገና መሞቁ ነው። በዚያ ጦርነት የኢማሙ ባለቤት የባቲ ድል ወንበራ ልጅ ተማረከ። እንግዲህ ተመልከቺ፤ ሁለት እናቶች አሉ፣ የእያንዳንዳቸው ልጅ በሌላዋ ወገን እጅ ነው። ተላላኩ፣ ተደራደሩ፣ ተለዋወጡ። ሚናስ ወደ እናቱ፣ ያኛውም ወደ እናቱ ተመለሰ። ድል ወንበራ ሐረር ገብተው የኢማሙን የእህት ልጅ አሚር ኑርን አገቡ። የባላቸውን ደም ለሚመልስ ነው የማገባው ብለው ነበር ይባላል። በ1559 አሚር ኑር ገላውዴዎስን በጦርነት ገደሉት። ማን ነገሠ? ሚናስ፤ ያ በልውውጥ የተመለሰው ልጅ።

ይኸውልሽ ክፍል ሁለት። ከባሕር የመጣ አዲስ ጠላት የለበትም። በፊት የሆነው ነገር ነው ዞሮ የመጣው። ጓደኛሽ «ደበረኝ» ያለችሽ ለዚህ ይመስለኛል። የክፍል አንድ ወለላ ውሳኔ ትወስን ነበር፤ አሁን ግን የሚመጣባትን ብቻ ትከላከላለች። ልጁን ያሰረችው ራሷ ናት። ብትፈታው መኳንንቱ ምን ይሏታል? ባትፈታው እናቱ ምን ታደርጋለች? እስቲ ዘንዶውን አሥር ገጽ ወደ ኋላ ግፊውና የቆላዋን ንግሥት ደብዳቤ ጻፊ። አንድ ገጽ ይበቃል። እንድትለምን አታድርጊያት። የልጇን የልጅነት ጠባይ ትጥቀስ፤ ጨለማ ይፈራል፣ ወይም ማር አይስማማውም፣ የመሰለሽን። ወለላ ያንን ደብዳቤ ካነበበች በኋላ እንደ በፊቱ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ ራስሽ ታዪዋለሽ።

ስለ ብርሃኑ ደግሞ በአጭሩ፦ ቀንሺው። 31ኛው ገጽ ላይ አንድ ሠራዊት በአንድ ጣት ጨረሰች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይፈራላታል? እቴጌ ጣይቱ ከዓድዋ ድል ጥቂት ሳምንታት በፊት መቀሌ ላይ ያደረጉትን አስቢ። ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽገዋል፣ ምሽጉ አልደፈር ብሏል። የሚጠጡት ውሃ ግን ከምሽጉ ውጭ ነው። «ምንጩን ያዙት» አሉ እቴጌይቱ። ተያዘ። ጥሙ ሲጠና ጣሊያኖቹ ምሽጉን ለቀው ወጡ። ወለላ አገሯ ውስጥ ምንጩ የት የት እንዳለ ታውቃለች? ጎተራው ስንት ወር ያበላል? በ43 ገጽ ውስጥ አንድ ሰው እህል ሲቀምስ አላየሁም፤ ፈረሶቹም ጭምር።

ስታስተካክዪ ላኪልኝ። በእጅ ከሆነ መስመር ዝለይበት፣ ዓይኔ ደክሟል።

ጋሼ፣ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። በስልኳ የንግሥትና የአስማት ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ እያነበበች ሌሊቱን ታነጋዋለች። ስልኩን ልቀማት?
ግራ የገባው አባት

ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኩን ይያዙት፤ እንቅልፍ ያስፈልጋታል። ማንበቡን ግን አይንኩባት። ከቻሉ የታተመ መጽሐፍ ይግዙላት፣ በመብራት ታንብብ። ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት «ንግሥቲቱ የት ደረሰች?» ብለው ይጠይቋት። ቶሎ አትጨርስልዎትም፤ ቡና አስፈልተው ይቀመጡ።