በእንቅልፍ ላይ የሚነሣ የሚጥል በሽታ ከሥራ ያሰናብታልን?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በማሽን ኦፕሬተርነት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሠርቻለሁ። ዳቶ ሰፈር ከሦስት የሥራ ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አልፎ አልፎ ጠዋት ምላሴ ተነክሶ፣ ሰውነቴ ተቀጥቅጦ እነሣ ነበር፤ የድካም መስሎኝ ዝም አልኩ። በቅርቡ ሌሊት ሲጥለኝ ጓደኞቼ አይተው ክብሪት ጭረው አሸተቱኝ። ሆስፒታል ሄጄ የሚጥል በሽታ እንደሆነ ተነገረኝ፤ መድኃኒትም ጀመርኩ። ነቅቼ ሳለሁ አንድም ቀን ጥሎኝ አያውቅም። ወሬው ሱፐርቫይዘሬ ጆሮ ሲደርስ ባጄን ተቀበሉኝ፤ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀትም አቀረቡልኝ፤ አልፈረምኩም። ስቀጠር «ሕመም የለብኝም» ብዬ ፎርም በመሙላቴ አታለሻል ብለውኛል። ቤት ከተቀመጥኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ያንን ወረቀት ባለመፈረምዎ መብትዎን በእጅዎ አቆይተዋል። ፈርመው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ስንብቱ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም ከሚለው ወጥቶ፣ «የፈረምኩት ተገድጄ ነው» ወደሚለውና ለማስረዳት እጅግ ወደሚከብደው ጉዳይ ይዞር ነበር። ወደፊትም ተጠርተው ቢጠየቁ አይፈርሙ።

አሁን የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል፤ ከውሉ መቋረጥ ጋር ለተያያዙ ክፍያዎች ደግሞ ጊዜው 6 ወር ነው። በሰው ሀብት ቢሮው በር ላይ «ነገ ነይ» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ይርጋውን አያቆምም፤ እርስዎም ከ3 ወሩ አምስት ሳምንት አሳልፈዋል። ድርጅቱ ኋላ ላይ «ራሷ ከሥራ ቀረች» እንዳይል፣ ለመሥራት ዝግጁ መሆንዎንና ባጅዎ የተወሰደበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት አስገብተው በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የደረሰኝ ማህተም ያስመቱ፤ አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ይላኩ።

ወደ ፍሬ ነገሩ ስንመጣ፣ አሠሪ ውል ማቋረጥ የሚችለው ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከመሥራት ችሎታው ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት ሲኖረው ብቻ መሆኑን የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 26 ይደነግጋል፤ አካል ጉዳትም በቂ ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም ተብለው ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። ድርጅቱ ሊይዘው የሚችለው ጠንካራ መከራከሪያ በአንቀጽ 28 ያለው ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው በጤና ምክንያት የውል ግዴታውን ለዘለቄታው መፈጸም ካልቻለ በማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል የሚለው ነው። እዚህ ላይ የእርስዎ ሕመም የሚነሣበት ሰዓት ለጉዳዩ ወሳኝ ይሆናል። ተኝታ ሳለች የሚጥላት፣ ነቅታ ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አንድም ቀን ያልጣላት ሠራተኛ መስፋት ለዘለቄታው አትችልም የሚባለው በምን ማስረጃ ነው? የሱፐርቫይዘር ፍርሃት የሕክምና ማስረጃ አይደለም። ይህ ምክንያት ቢኖር እንኳ ስንብቱ ምክንያቱንና ቀኑን በሚገልጽ ጽሑፍ፣ ለእርስዎ የአገልግሎት ዘመን ደግሞ በ2 ወር ማስጠንቀቂያ መሆን ነበረበት። ባጅ መቀማት ከዚህ ሥርዓት የትኛውንም አያሟላም።

ማታለል ስለተባለው፣ ማታለል የሚኖረው አውቆ መደበቅ ሲኖር ነው። በእንቅልፍ የሚጥለው ሰው ሕመሙን ራሱ አያየውም፤ የሚያየው ጠዋት የተነከሰውን ምላሱን ብቻ ነው። ፎርሙን የሞሉበት ቀንና ሕመሙ በሐኪም የታወቀበት ቀን ጎን ለጎን ቢቀርቡ «አታለሻል» የሚለው ክስ በራሱ ጊዜ ይወድቃልና የሆስፒታሉን የመጀመሪያ ቀጠሮ ወረቀት አይጣሉ።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም ሊረዳዎት ይችላል። የሚጥል በሽታ በዚህ አዋጅ ትርጓሜ ውስጥ ይወድቃል ወይ በሚለው ላይ ድርጅቱ እንደሚከራከር ይጠብቁ። እኔ ይወድቃል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ትርጓሜው ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱ ከማኅበረሰቡ አድልዎ ጋር ተደምሮ የሥራ ዕድልን ማጥበቡን ይመለከታል፤ በእርስዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል፤ አሠሪው ሊያደርገው የሚገባው ተመጣጣኝ ማመቻቸትም የሥራ ሰዓትን ይጨምራል። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ስለሚቀሰቅስ፣ ሐኪምዎ ካዘዘ ከሌሊት ሽፍት ወደ ቀን እንዲዛወሩ መጠየቅ ይችላሉ።

ስለዚህ የሐኪም ማስረጃው ቃል በቃል ምን እንደሚል ያስቡበት። «በፍጹም ነቅታ አይጥላትም» የሚል ወረቀት አይለምኑ፤ እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጥ ጠንቃቃ ሐኪም የለም፤ ወረቀቱም በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል። እስካሁን የታየው በእንቅልፍ ላይ ብቻ መሆኑ፣ ሕክምና ላይ መሆንዎ፣ በስፌት ማሽን ላይ ተቀምጦ መሥራት መቻልዎና የሌሊት ሽፍት የማይመከር ከሆነ ይኸው መጻፉ ይበቃል። ሙሉ የሕክምና ካርድዎን ለድርጅቱ የማስረከብ ግዴታ የለብዎትም። መድኃኒቱ እስኪስማማዎት ከሥራ መቅረት ካስፈለገ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለዎት፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር ሲሆኑ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም።

ክስዎን በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ያቀርባሉ፤ የዳኝነት አይከፍሉም። ጠበቃ መያዝ ካልቻሉ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ያነጋግሩ። በዋናነት ወደ ሥራ መመለስንና እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝን ይጠይቁ፤ በአማራጭ ደግሞ የአማካይ የቀን ደመወዝዎን 180 እጥፍ ካሳ ከማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያና ከስንብት ክፍያ ጋር ይጠይቁ፤ ፍርድ ቤቱ ግንኙነቱ ተበላሽቷል ብሎ ካመነ ከመመለስ ይልቅ በካሳ ሊያሰናብት ይችላልና።

አብረውዎት የሚኖሩት ጓደኞችዎ ዋና ምስክሮችዎ ናቸው። ክብሪቱን ይተዉት፤ አይጠቅምም። በሚጥልዎት ጊዜ በጎንዎ ያስተኙዎት፣ አፍዎ ውስጥ ምንም አያስገቡ፣ ሰዓት ይመልከቱ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ያድርሱዎት። ቀኑን፣ የጀመረበትን ሰዓትና የቆየበትን ደቂቃ በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ ያ ደብተር ለሐኪምዎ መድኃኒት መመጠኛ፣ ለችሎቱ ደግሞ ሕመሙ የሚነሣው በእንቅልፍ ሰዓት መሆኑን ማሳያ ይሆናል።