የጓደኛዬን ጥፍር በጄል ሠርቼላት እጇ ተጎዳ፤ ልትከሰኝ ትችላለች?

ጥያቄ፦ ጄል ጥፍር ቀለምና ማድረቂያ ላምፕ ያለው ኪት ኦንላይን ገዝቼ ለራሴ ቤት ውስጥ ስሠራ ወራት አልፈዋል፤ ምንም አልሆንኩም። ጓደኛዬ “ለኔም ሥሪልኝ” አለችኝና ሦስት ጊዜ ሠራሁላት። ለቀለሙ መግዣ ትንሽ ገንዘብ አዋጥታለች። ከሁለተኛው በኋላ “ጣቴን ያሳክከኛል” ብላኝ ነበር፤ ሁለታችንም ናቅነው። ከሦስተኛው በኋላ ግን ጣቶቿ ቀልተው ውሃ ቋጠሩ፤ ሁለት ጥፍሮቿም ከሥጋው ተላቀቁ። ሐኪሙ “የጄል አለርጂ ነው” አላት። አሁን “የሕክምናዬን ክፈዪ፣ አለዚያ እከስሻለሁ” ትለኛለች። ብልቃጡ ላይ “ለባለሙያ ብቻ” የሚል ጽሑፍ እንዳለ ያየሁት ገና አሁን ነው። ፈልጋ ነው የተሠራችው፤ እኔ በምን ዕዳዬ? ሻጩንስ መክሰስ አልችልም?

መልስ፦ ጠያቂዬ፣ ልትከስዎ ትችላለች። መክሰስና መርታት ግን ይለያያሉ።

ከሁሉ በፊት ኪቱን በንዴት እንዳይጥሉት። ብልቃጡ፣ ካርቶኑ፣ የመመሪያ ወረቀቱ፣ ላምፑ፣ የግዢው ደረሰኝ፣ ሁሉም ይቀመጥ። ለእርስዎ መከላከያም፣ ሻጩን መጠየቂያም የሚሆኑት እነሱ ናቸው። የሚኖሩበትን አገር አልጻፉልኝም፤ ስለዚህ አንቀጽ ከመጥቀስ ይልቅ በብዙ አገሮች ሕግ የተለመደውን መርህ እነግርዎታለሁ።

እንዲህ ያለ ክስ የሚቆመው በሦስት ነገሮች ነው፤ ጥፋት፣ ጉዳት፣ ጉዳቱ ከጥፋቱ የመጣ መሆኑ። ጉዳቱ ላይ ብዙ አንከራከርም፤ ሐኪም አይቶታል።

ከዚያው ጄል ነው ወይ የመጣው? ይህን ለመመለስ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ያስፈልጋል። ጄል እንደ ተራው ጥፍር ቀለም በአየር አይደርቅም። ውስጡ አክሪሌት የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካሎች አሉ፤ የላምፑ ብርሃን እርስ በርስ አያይዞ ያጠነክራቸዋል። ከጠነከሩ በኋላ እምብዛም አያስቸግሩም። ችግሩ ሳይጠነክሩ ቆዳ ሲነኩ ነው። ቀለሙ ወደ ጥፍሩ ዳር ቆዳ ሲፈስ፣ ወፍራም ሆኖ ሲቀባ፣ ወይም ላምፑ ለዚያ ጄል ያልተሠራ ሲሆን ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሰውነት ታዲያ አንዴ ያንን ኬሚካል እንደ ጠላት ከያዘው አይለቀውም። መጀመሪያ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። “ለኔ ምንም አልሆነም” የሚለው መከራከሪያዎ ስለዚህ ብዙ አያስኬድም። እንዲያውም እርስዎም ወደፊት ላለመያዝዎ ዋስትና የለዎትም።

ጓደኛዎ ሌላ ቦታም ጥፍር ትሠራ ከነበረ ግን ነገሩ ይለወጣል። አለርጂው ከዚያ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። የቆዳ ሐኪሞች ኬሚካሎቹን ጀርባ ላይ ለጥፈው ለየትኛው እንደምትቆጣ ይመረምራሉ። ውጤቱ ከብልቃጡ ዝርዝር ጋር ከተገጣጠመ ለእሷ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ካልተገጣጠመ ለእርስዎ።

አሁን ወደ ጥፋቱ። “ባለሙያ አይደለሁም” ማለት ጋሻ አይሆንም። ዳኛው የሚጠይቀው ጠንቃቃ ሰው በእርስዎ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር የሚለውን ነው። ጠንቃቃ ሰው ደግሞ የሌላ ሰው እጅ ላይ ከመቀባቱ በፊት ብልቃጡን ያነባል። ጽሑፉ ደቃቅ ወይም በማያውቁት ቋንቋ ከነበረ ግን ይህ ለእርስዎ ያግዛል፤ ፎቶ አንሱት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጽሑፉ ሳይሆን ማሳከኩ ነው። ከሁለተኛው በኋላ ነግራዎታለች። እስከዚያ ድረስ የሆነውን “አላወቅሁም” ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ላይ ግን አውቀዋል። ጠበቃዋ ጎበዝ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትቶ እዚህ ላይ ነው የሚጫንዎት። የሚያድንዎትም እዚያው ነው፤ እያሳከካት እጇን ዘርግታ የመጣችው እሷ ናት። ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው ይቀነሳል። በእኔ ግምት ሙሉውን የመክፈል ዕዳ አይወድቅብዎትም። ምንም አልከፍልም ማለትም አያዋጣም።

“ፈልጋ ነው” ላሉት፣ የፈለገችው የሚያምር ጥፍር ነው እንጂ ውሃ የቋጠረ ጣት አይደለም። ያልተነገራትን አደጋ ተቀብላለች ማለት ይከብዳል። ያዋጣችው ገንዘብ የቀለም መግዣ ብቻ ከሆነ ነጋዴ አያደርግዎትም። ትርፍ ካለበት ግን ፈቃድ ሊጠየቅበት ወደሚችል ሥራ ገብተዋል።

ሻጩን በተመለከተ “ለባለሙያ ብቻ” የሚለው ጽሑፍ ሁለት ስለት አለው። እርስዎን “ተነግሮሽ ነበር” ይላል። ሻጩን ደግሞ “ታዲያ ለምን ለቤት ተጠቃሚ ሸጥክ?” ይላል። በአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ሄማ የሚባለው የታወቀ አለርጂ አምጪ አክሪሌት ያለበት የጥፍር ምርት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለባለሙያ አገልግሎት ብቻ ነው፤ አለርጂ ሊያስከትል እንደሚችልም መጻፍ አለበት። ስለዚህ ማስታወቂያው “ቤትዎ ሆነው ይሥሩ” ይል ከነበረ ዛሬውኑ ስክሪንሾት ያድርጉት። ነገ ሊጠፋ ይችላል። እዚያው ኅብረት ውስጥ ከ1985 ጀምሮ ባለው መመሪያ መሠረት ተጎጂው የአምራቹን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ የዕቃውን ጉድለት፣ ጉዳቱንና የሁለቱን ግንኙነት ካስረዳ ይበቃዋል። አምራቹ ሩቅ አገር ከሆነ አስመጪው ይጠየቃል። ክሱን የምታቀርበው ግን የተጎዳችው እሷ ናት። እርስዎ በዋናነት የሚጠይቁት የኪቱን ዋጋ ነው፤ ለእሷ ከከፈሉ ደግሞ የከፈሉትን ከሻጩ ለማስመለስ መሞከር ይችላሉ። ሁለታችሁ ከምትጣሉ አብራችሁ ወደ ሻጩ ብትዞሩ ይሻላል።

እግረ መንገዴን፣ ብልቃጡ ላይ ቲፒኦ የሚል (ጄሉ በብርሃን እንዲጠነክር የሚያግዝ ኬሚካል ነው) ካዩ ከዚህ ጉዳይ ጋር አያደባልቁት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የከለከለው በመራባት ጤና ሥጋት ነው እንጂ በአለርጂ አይደለም። “ላምፑ ካንሰር ቢያስይዘኝስ” ብላ ካሳ ብትጨምርም አትደንግጡ። ስለ ላምፑ በ2023 የወጣው ብዙ የተወራለት ጥናት የተሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ በሕዋሳት ላይ ነው። ፍርድ ቤት በተለምዶ ለደረሰ ጉዳት እንጂ ለሥጋት ብቻ አይክስም።

አንድ የካሳ ጥያቄ ግን ከባድ ነው። አለርጂው ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ የጥርስ ሐኪሞች ለሙሌት የሚጠቀሙባቸው ቁሶችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ይህን ዛሬ ባታነሳውም ጠበቃዋ ያነሳዋል። ለሐኪሞቿ ሁሉ ማሳወቅ እንዳለባት ይንገሯት፤ ይህ ክስ ኖረም አልኖረም የጓደኛ ግዴታ ነው።

እኔ ብሆን እታረቃለሁ። የሕክምና ደረሰኞቿን አይቼ ድርሻዬን ለመክፈል ሐሳብ አቀርባለሁ። በስልክ መልእክት “ጥፋቱ የኔ ነው” ብለው አይጻፉ፤ “በመጎዳትሽ አዝኛለሁ” ይበቃል። ከተስማማችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ ምን ያህል እንደተከፈለ፣ ለየትኛው ጉዳት እንደሆነ፣ ክፍያው ጥፋትን ማመን አለመሆኑና ከዚህ በኋላ ጥያቄ አለመኖሩ ይገለጽ። ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ምስክርም ይኑር። እንዲህ ያለው ክስ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ አለው፤ ከአገር አገር ስለሚለያይ የክስ ወረቀት ከመጣ ወይም ሻጩን ለመጠየቅ ካሰባችሁ በምትኖሩበት አገር ያለ ጠበቃ ጋ ሳትዘገዩ ሂዱ። ሲሄዱ ብልቃጡን በፕላስቲክ አሽገው ይያዙ፤ ከፍተው ለማሳየት አይሞክሩ።