ዕድሜ በተገደበበት መንደር ቤት ከመግዛትዎ በፊት

ውድ እህቴ፣ ጡረታ ስንወጣ ሜሪላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው 55 ለሞላቸው በተለየ መንደር ቤት ብንገዛ ይሻላል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ ከዋጋው በፊት የልጅ ልጆችዎን ጉዳይ እንዲያስቀድሙ እመክራለሁ። የአሜሪካ ሕግ ሻጭም ሆነ አከራይ ልጆች ያሉትን ቤተሰብ እንዳያገልል ቢደነግግም፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ክፍሉ መሠረት ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች ቢያንስ በ80 በመቶው 55 ዓመት የሞላው አንድ ነዋሪ ካለና መንደሩ ይህንኑ በደንቡ አስፍሮ ነዋሪዎቹን ካጣራ፣ ልጆች በቋሚነት እንዳይኖሩበት ማገድ ይችላል። ስለዚህ ልጅዎ ታማ ሕፃናቱን ለወራት አደራ ብትልዎት፣ መንደሩ እንግዳ እንዲያድር የሚፈቅደው ቀን አልቋል ሊባሉ ይችላሉ፤ አያት ቤት ማደግ ለለመደ ቤተሰባችን ይህ ከባድ ነገር ነው። የቀኑ ብዛት ከመንደር መንደር ስለሚለያይ፣ በደላላው ቃል ሳይረኩ የነዋሪዎች ማኅበሩን የተጻፈ ደንብ ራስዎ ያንብቡ። ወርሃዊው የማኅበር ክፍያም የባንኩ ዕዳ ካለቀ በኋላ የሚቀጥል ነው፤ ለጣሪያና ለሊፍት እድሳት የተጠራቀመ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ተጨማሪ መዋጮ ሊመጣ ይችላል። በረዶ መጥረግና ሣር ማጨድ መቅረቱ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ትልቅ እፎይታ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ልጅዎ የእርስዎን እገዛ የምትፈልግ ከሆነ፣ ልጆቹ ከፍ እስኪሉ ድረስ በእርሷ አቅራቢያ ተራ አፓርታማ ቢከራዩ ይሻላል ባይ ነኝ።