ዶሜይኑ በማን ስም ነው? ሆስቲንግ ሊጀምር ላሰበው የሳቢያን ልጅ

ጥያቄህ ደርሶኛል ወንድሜ፣ አንተ ስላልኩህ ቅር እንዳይልህ፣ ድሬ ላይ አንቱታ አይሰራም። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፣ ልጁ ከጓደኛው ጋር ለሱቅና ለሆቴል ዌብሳይት ሲሰራ ቆይቶ አሁን ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን የሰርቨር ቦታ) እና ዶሜይን (የዌብሳይቱን አድራሻ ስም) መሸጥ አስቧል፣ እስካሁን ሃያ ምናምን ዶሜይን ገዝቷል፣ ሁሉም በራሱ ስምና ኢሜይል፣ የሚከፈለው ደግሞ ውጭ ባለች የአክስቱ ልጅ ካርድ። "ፈቃድ ያስፈልገኛል? ደንበኛ መጥፎ ነገር ቢለጥፍ እኔ እጠየቃለሁ?" ይላል።

ፈቃድ አዎ ያስፈልግሃል፣ አዋጅ 980/2008 ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። ቲን አውጥተህ ንግድ ቢሮ ትሄዳለህ፣ ዘርፉን ስታስመዘግብ ግን የምትሰራውን በግልጽ ተናገር፣ በኮምፒውተር ጥገና ፈቃድ ሆስቲንግ ትሸጥና ኋላ ጣጣ ይመጣብሃል። ሁለት ስለሆናችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ብታቋቁሙ ይሻላል፣ ካፒታሉ ከ15,000 ብር ማነስ የለበትም፣ ጓደኛህ ቢቀርም አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ 1243/2013) አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። በግልህ ከነገድክ ዕዳው እስከ ቤትህ ዕቃ ድረስ ይከተልሃል። የኢንተርኔት መስመር ራሱን መሸጥ ካማረህ ግን እሱ ሌላ ነው፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ፈቃድ ይጠይቃል።

ከአይካን (የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው ድርጅት) በቀጥታ እውቅና ላውጣ ያልከውን ለጊዜው ተወው፣ ማመልከቻው ብቻ 3,500 ዶላር ነው፣ ከዛ በየዓመቱ 4,000። ከአንድ ሬጂስትራር (ዶሜይን የሚመዘግብ ኩባንያ) ስር ሪሴለር፣ ማለትም መልሶ ሻጭ፣ ሁን በቃ። ዶት ኢቲውን (በ.et የሚያልቀውን የኢትዮጵያ ዶሜይን) የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

አሁን አንተ ወዳልጠየቅከኝ ነገር ልምጣ፣ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ሃያውም ዶሜይን በስምህ ነው! ሬጂስትራሩ የሚያውቀው አንተን ነው፣ ገንዘቡን የከፈለው ባለሆቴል ግን "ዶሜይኔ" ነው የሚለው። አንድ ከዚራ ያለ ነጋዴ ቢሮዬ መጥቶ ነበር፣ ዌብሳይቱን የሰራለት ልጅ ጅቡቲ ሄዶ ስልኩ አይነሳም፣ ዶሜይኑ ጊዜው አልፎ ወደ ሪደምሽን (ከመሰረዙ በፊት ወዳለው የማስመለሻ ጊዜ) ገብቷል፣ እዛ ያለው 30 ቀን ብቻ ነው፣ ማስመለሻው ደግሞ ከዓመቱ ክፍያ ብዙ እጥፍ ነው፣ ክስ መስርቼ ፍርድ እስካገኝ 30 ቀኑ የት ይጠብቀኛል? ወረቀት አምጣ ስለው ያለው የቴሌብር ደረሰኝ ብቻ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ፣ ውል የሚባል ነገር ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ሬጂስትራንቱ (ዶሜይኑ በስሙ የሚመዘገበው ሰው) ደንበኛው ይሁን፣ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል፣ አንተ አስተዳዳሪ ብቻ ሁን። ውሉ ላይ ዶሜይኑ የማን እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሚያሳድስ፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ) የማን ስራ እንደሆነ፣ ደንበኛው ልሂድ ካለ ኦውዝ ኮዱን፣ ማለትም ዶሜይኑን ወደ ሌላ ሬጂስትራር የሚያዛውርበትን የሚስጥር ኮድ፣ እንደምትሰጠው ጻፍ (የአይካን ሕግ 5 ቀን ነው የሚሰጠው፣ ዕዳ አለብህ ብለህ አፍነህ መያዝ እንዳታስብ)። ዋጋውንም ቢሆን ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላሩ ምንዛሪ በገበያ ስለሆነ ለሦስት ዓመት በብር ቆርጠህ አትፈርም፣ ትከስራለህ። ፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 ላይ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው ይላል፣ የጻፍከው ያስርሃል።

ስለ መጥፎ ይዘቱ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 16ን አንብበው። ደንበኛ ስለለጠፈው ሁሉ አትጠየቅም፣ ግን ሕገወጥ መሆኑን እያወቅክ ካላነሳህ፣ ወይም ስልጣን ያለው አካል አሳውቆህ ዝም ካልክ ትጠየቃለህ። የትራፊክ ዳታ (ማን መቼ ከየት እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ሎግ የሚባለውን) ቢያንስ አንድ ዓመት ማስቀመጥም ግዴታህ ነው፣ ሎግ ቶሎ ቶሎ የሚያጠፋ ርካሽ ሰርቨር ከመግዛትህ በፊት እሱን አስብበት። የደንበኞችህን ስምና ስልክ በተመለከተ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321 አለ።

የአክስትህን ልጅ ካርድ ግን አቁም። በስምህ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግብር ላይ አይያዝልህም፣ ብሩን ደግሞ በጥቁር ገበያ የምትመልስላት ከሆነ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ባንክህ ሂድና በሕጋዊ መንገድ እንዴት እንደሚከፈል ጠይቅ።

ስም ማዛወሩን ዛሬውኑ ጀምር፣ ማሳደሻቸው ከደረሱት፣ አንዳንዱ ሬጂስትራር ስም ሲቀየር ለ60 ቀን ወደ ሌላ ሬጂስትራር እንዳይሄድ ይቆልፈዋልና ደንበኞቹን ቀድመህ ንገራቸው። የውሉን ረቂቅ ስትጨርስ ላክልኝ፣ ልየው።